ዓይን እንደገና ሲያም ጥፋቱ የማን ነው?

መተማ ላይ ሰሊጥ የሚታጨደው ገና ሙቀቱ ሳይበርድ ነው። ከደጋ የወረደ ሠራተኛ ጎንበስ ብሎ ማጭዱን ሲስብ የአገዳው ጫፍ ዓይኑን ይቧጭረዋል። ዓይኑ ይቀላል፣ ያነባል፤ በሁለት በሦስት ቀን ይተወዋል። ጸበል ተጠምቆ ከሆነ ጸበሉ፣ ቅጠል ተጨምቆለት ከሆነ ቅጠሉ ይመሰገናል።

ከወራት በኋላ አንድ ንጋት ዓይኑን ሲገልጥ በምላጭ የተቆረጠ ያህል ያመዋል። ረፋድ ላይ ይሻለዋል፤ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። ያኔ «ምን በድዬ ነው?» ይላል፤ ጎረቤትም እምነቱ ጎድሎ ነው ይለዋል።

የሐኪሞቹ መልስ ይህን ያህል የከበደ አይደለም። የኮርኒያ (የዓይን የፊት ግልጽ ክፍል) ስስ የላይ ሽፋን ሲጫር በቀናት ውስጥ ይገጥማል፤ ከሥሩ ጋር አጥብቆ ለመያያዝ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዴም 3 ወርና ከዚያ በላይ ይወስድበታል። ሌሊት እንባ ስለሚቀንስ የዓይን ቆብ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቃል፤ ጠዋት ሲገለጥ ያልጠናውን ይልጠዋል። ሕመሙ በራሱ ስለሚተው ደግሞ በመጨረሻ የተሞከረው ነገር ሁሉ ያዳነ ይመስላል። ምስጋናውም ወቀሳውም ያለ ቦታው የሚውለው በዚህ የተነሣ ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ቢጠይቁ፣ ክርስቶስ የእሱም የወላጆቹም አይደለም አላቸው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪሙን አክብር ይላል። በመጽሐፈ ጦቢትም የጦቢት ዓይን የበራው መልአኩ ሩፋኤል ባዘዘው የዓሣ ሐሞት ነው፤ መልአክ ሆኖም መድኃኒት አልናቀም! መተማ ውስጥ የሚኖረው ሙስሊምም ነቢዩ ሙሐመድ መታከምን እንዳዘዙ ከሐዲስ ያውቃል።

ሕክምናው ትዕግሥት ይጠይቃል፦ ማታ ማታ ለወራት የሚቀባ ቅባት፣ 5 በመቶ የጨው ጠብታ ወይም ቅባት፣ ሲብስ ዓይን ላይ የሚለጠፍ ስስ ሌንስ፣ እምቢ ሲል ያልጠናውን ሽፋን መጥረግ ወይም ሌዘር። ዓይንን አለማሸትና በአጨዳ ጊዜ መነጽር ማድረግ መከላከያው ነው። ከመድኃኒት ቤት በግምት የሚገዛ ጠብታ ግን ያሰጋል፤ በተክል የተቧጨረ ዓይን ፈንገስ ሊይዘው ስለሚችል ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ያባብሰዋል።

ስለዚህ የገንዳ ውሃ ከተማና የመተማ ካህናትና ሼኾች ሕመምተኛውን «ጸልይ፤ ቅባቱንም አታቋርጥ» ይበሉት። ዓይኑ ላይ ነጭ ነጥብ ያየ ወይም ሕመሙ እየጨመረ የሄደበት ሰው በዚያው ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም ይሂድ።