ጾም፣ ቀዶ ሕክምናና የሰው ፈቃድ

በላንጋኖ ሐይቅ ዙሪያ፣ ከባቱ እስከ ሻሸመኔ ባሉት ከተሞች፣ ኦርቶዶክሳዊው በአጽዋማት ከጥሉላት፣ ማለትም ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ሲታቀብ፣ ሙስሊሙም በረመዳን ከንጋት እስከ ጀንበር መጥለቂያ እህል ውኃ ሳይቀምስ ስለሚውል፣ ራስን ከመብል መግታት የጤና ምክር ከመሆኑ በፊት የእምነት ግዴታ ሆኖ የኖረ ነው። በመሆኑም ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ ይኸውም ሰውነት ኢንሱሊን ለተባለው ሆርሞን መታዘዝ ሲያቅተውና ቆሽትም የሚበቃውን ያህል ማመንጨት ሲሳነው የሚመጣው ሕመም፣ ምግብን እጅግ በመቀነስ ወይም ጨጓራን በቀዶ ሕክምና በማሳነስ ሊረግብ እንደሚችል ሲነገር፣ ከፈዋሽነቱ ጥያቄ ጎን የትኛው ያስመሰግናል የሚል ጥያቄ መከተሉ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ዳይሬክት የተባለው የብሪታንያ ጥናት፣ በሽታው ከታወቀባቸው ከስድስት ዓመት ያልበለጣቸውን ሰዎች ከሦስት እስከ አምስት ወር በቀን 850 ካሎሪ ገደማ በሚሰጥ ሾርባና መጠጥ አቆይቶ፣ ከዓመት በኋላ ከመቶ 46ቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከበሽታው ወሰን በታች መውረዱን፣ በሁለተኛው ዓመት ግን ቁጥሩ ወደ 36 ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ስኳሩ የሚወርድበት ምክንያት በጉበትና በቆሽት የተከማቸው ስብ መራገፉ ነው። ቀዶ ሕክምናውም ይህንኑ ስብ ያራግፋል፤ በተጨማሪም ምግብ በቀጥታ ወደ ታችኛው የትንሹ አንጀት ክፍል እንዲደርስ ሲደረግ የጥጋብን ስሜት የሚያመጡ ሆርሞኖች ስለሚበረክቱ የረሃቡ ጉልበት ራሱ ይዳከማል።

ቀዶ ሕክምናን የሰነፍ አቋራጭ አድርጎ መቁጠር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ ረሃብ በከፊል የሆርሞን ሥራ ከሆነ፣ የራበው ሁሉ እኩል አልተፈተነም፤ የጸናውም ምስጋናውን፣ የወደቀውም ወቀሳውን ብቻውን አይሸከምም። ከዚያም በላይ ጨጓራው የተቀነሰለት ሰው ጥቂት ጥቂት እየጎረሰ፣ ጣፋጭ ሲበዛበት ላብ እያጠመቀውና ልቡ እየመታ፣ ቫይታሚን ቢ12 የመሰሉ ማሟያዎችን ዕድሜ ልኩን እየወሰደ የሚኖር በመሆኑ፣ የገባበት ኑሮ ፋሲካ የሌለው ጾም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የእምነቱ ጾም ደግሞ ከሁለቱም ሕክምናዎች ይለያል፤ ዓላማው ትሕትናና ጸሎት እንጂ የካሎሪ ቁጥር አይደለም፤ በላንጋኖ መዝናኛዎች ለዓርብ የሚቀርበው በያይነቱም በዘይት የተቁላላ ሽሮ፣ ድንችና እንጀራ ተደርቦበት ከሥጋው ማዕድ የማይተናነስ ጉልበት ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ጾመኛው ቀጥኖ ባይታይ ጾሙ አልጎደለም። ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ 184ኛ አንቀጽ ሕመምተኛው በሌላ ቀን እንዲጾም ሲፈቅድ፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶም ሕመምተኛውን የንስሐ አባቱ ከጾሙ ሊፈታው ይችላል፤ ኢንሱሊን ወይም ግሊበንክላማይድ የተባለውን የስኳር መድኃኒት እየወሰደ፣ ፈቃዱን ንቆ፣ ሐኪም ሳያማክር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ሰው ግን ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ይህንንም የጾሙ ሕግ አልጠየቀውም።