ያልተጻፈለት ሰው እንዳልነበረ ይቈጠራልን?

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ይህን ምሳሌ በመምህርነት ዘመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁት አላስታውስም። ለተማሪዎቼ ያስተማርኋቸው ግን የምሳሌውን አንድ ወገን ብቻ ነበር፤ ይኸውም መጻፍ መልካም መሆኑን ነው። ሁለተኛው ወገን፥ ማለት ያልተጻፈለት ሰው ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ፥ ልቤን የያዘው ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ምክንያቱንም እነግራችኋለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ እዚህ አቦምሳ ከቤቴ መጣ። ቡናው ቀርቦለት ገና ሳይቀምሰው «ጋሼ፥ ሰረዟቸው!» አለኝ። «ማንን?» ብዬ ብጠይቀው፥ በከተማችን ይኖሩ ስለ ነበሩ አንድ ሽማግሌ በእንግሊዝኛ ጽፎ ውክፔዲያ በሚባለው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ አውጥቶ እንደ ነበረ፥ ጽሑፉም ክርክር ተነሥቶበት እንደ ተሰረዘ ነገረኝ። የተሰጠው ምክንያት «ሰውየው ለመዝገብ የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘላቸውም» የሚል ነበር። «እኛን ስለ ናቁን ነው እንጂ ይህን ያህል የሠራ ሰው እንዴት አይበቃም?» እያለ ተቈጣ።

እኚያ ሽማግሌ ለእኔም እንግዳ አልነበሩም። ቀን በሥራ የዋሉትን ገበሬዎች፥ የቀን ሠራተኞችና የቤት እመቤቶች ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን ሰብስበው ያለ ደመወዝ ፊደል ያስቈጥሩ ነበር። እናቴ በፊርማ ፋንታ አውራ ጣቷን ቀለም መንከር የተወችው በእርሳቸው ምክንያት ነው። ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጇ በጻፈችበት ማታ ወረቀቱን ለእኛ ለልጆቿ እያሳየች እንቅልፍ እንደ ነሣችን ዛሬም ትዝ ይለኛል። ስለዚህ የልጁ ቍጣ ወደ እኔም ተጋባ። ነገር ግን ቍጡ ሰው መልካም ዳኛ አይሆንምና፥ አስቀድመን የከሰስነውን ሕግ እንመርምር።

ውክፔዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረ፥ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያነበውና ሊጽፍበት የሚችል መዝገብ ነው። በእንግሊዝኛ ከ7 ሚሊዮን የሚበልጡ፥ በአማርኛ ግን 15 ሺህ ያህል ጽሑፎች አሉት። በእንግሊዝኛው መዝገብ አንድ ሰው የራሱ ገጽ እንዲኖረው፥ ከእርሱ ጋር ጥቅም የሌላቸው የታመኑ ምንጮች ስለ እርሱ በሰፊው የጻፉ መሆን ይገባቸዋል። ይህ የጐደለ ሲመስል ከአዘጋጆቹ አንዱ ገጹ ይሰረዝ ብሎ ያቀርባል፤ እንደ ደንቡ ሰባት ቀን ያህል ይከራከሩበታል፤ ፍርዱም በድምፅ ብዛት ሳይሆን በምክንያት ብርታት እንዲሆን ታዟል። ስለዚህ ጉዳይ አዘጋጆቹ ራሳቸው በሁለት ወገን የተከፈሉ ናቸው። አንደኛው ወገን «ወረቀት የማያልቅበት መዝገብ ስለ ሆነ ብዙ ይግባበት» ሲል፥ ሁለተኛው «ሁሉ የሚገባበት መዝገብ ማንም የማያምነው ይሆናል» ይላል።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ሁለተኛውን ወገን ክፉ ነው ብለህ አትቸኵል። እ.ኤ.አ. በ2005 ስሙን ያልገለጸ አንድ ሰው፥ ጆን ሲገንታለር የተባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ ነበር የሚል ሐሰት በዚሁ መዝገብ ላይ ጻፈ። ሐሰቱም አራት ወር ያህል ማንም ሳያርመው ቆየ። ምስክር ሳይጠየቅ የሚጻፍ መዝገብ የንጹሑን ሰው ስም እንዲህ ያጠፋል። ደግሞም ባለጠጋው ጸሐፊ ቀጥሮ ራሱን ጀግና ቢያስብል፥ ምስክርህን አምጣ የሚለው ከሌለ፥ ያለ ገንዘብ የደከመው ሰው ስም ከሐሰተኛው ስም ጋር ተደባልቆ ይቀራል። እንግዲህ ምስክር መጠየቅ በራሱ በደል አይደለም።

ይሁን እንጂ ሕጉ መልካም ስለ ሆነ ብቻ ፍርዱ ሁልጊዜ ትክክል ይሆናል ማለት አይደለም። ካናዳዊቱ ሳይንቲስት ዶና ስትሪክላንድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት አገኘች። በዚያው ዓመት በግንቦት ስለ እርሷ የቀረበው ረቂቅ፥ ምንጮቹ ለመዝገብ የምትበቃ መሆኗን አያሳዩም ተብሎ ሳይገባ ቀርቶ ነበር። ሽልማቱን አብሯት የተካፈለው ዤራር ሙሩ ግን ከዚያ አስቀድሞ ገጽ ነበረው። እስቲ ልብ አድርጉ፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ የሴትዮዋ ሥራ አልጨመረም። የተሸለመችበት ምርምር ከ30 ዓመት በፊት የታተመ ነው። የተለወጠው ነገር ቢኖር ጋዜጦች ስለ እርሷ መጻፋቸው ብቻ ነው።

ይህን የመሰለ ነገር በአገራችንም አለ። ከዚሁ ከአርሲ፥ ከበቆጂ፥ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘች፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ከዚያው ከተማ ተነሥተው ዓለምን አስደነቁ። ሯጮቹን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት የስፖርት መምህር ስንታየሁ እሸቱ ግን በውጭ አገር በይበልጥ የታወቁት፥ እ.ኤ.አ. በ2012 ስለ በቆጂ ሯጮች ፊልም ከተሠራ በኋላ ነው። ካሜራው ከመምጣቱ በፊት ሥራቸው ያነሰ ነበርን? ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ተርጕመው እ.ኤ.አ. በ1899 ሲታተም፥ ከባርነት ነጻ ወጥታ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ሚስዮን የተማረችው አስቴር ጋኖ ቃላትን በመሰብሰብ ትልቅ እርዳታ አድርጋላቸዋለች። ተረቱንና ምሳሌውንም ሰብስባ እ.ኤ.አ. በ1894 ከታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ አኑራለች። እኔ በልጅነቴ በሚስዮን ትምህርት ቤት ስማር የኦኔሲሞስን ስም ሰምቻለሁ፤ የአስቴርን ስም ግን የሰማሁት ጠጕሬ ከሸበተ በኋላ ነው። የገዳ ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ መዝገብ ከመግባቱ በፊት፥ ለብዙ ትውልድ በሽማግሌዎች አፍና በሕዝቡ ኑሮ የቆመ ነበር።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፥ ሁለት ነገሮች አንድ አለመሆናቸውን ነው። አንደኛው የሰው ዋጋ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ሰውየው የቆመው ምስክር ነው። መዝገቡ የሚመዝነው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን ለመመዘን ሥልጣንም ሚዛንም የለውም። ስሕተቱ የሚመጣው ሰራዡ «ምስክር አላገኘሁም» በማለት ፋንታ «ሰውየው አይረባም» ያለ እንደ ሆነ ነው፤ እኛም ያለውን ትተን ያላለውን የሰማን እንደ ሆነ ነው። ደግሞም ጋዜጣና ማተሚያ ቤት በበዛበት አገር ተራ ሰው እንኳ ይጻፍለታል፤ በሌለበት አገር ግን የወረቀት ድህነት እንደ ሥራ ድህነት ይቈጠራል። ይህን የሚያውቅ ዳኛ ወረቀት የሌለውን ተከራካሪ ታግሦ መስማት ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በህንድና በደቡብ አፍሪካ የሰዎችን ቃል በድምፅ ቀርጾ እንደ ምንጭ ለመጥቀስ የተደረገው ሙከራ የዚህ ዓይነት ትዕግሥት ነበር።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። ተማሪዬን «ልጄ፥ ማስረጃህን አሳየኝ» አልሁት። የነበረው ከአያቱ የሰማው ወሬ ብቻ ነበር። እኔም ብጠየቅ ባዶ እጄን ነበርሁ። ስለዚህ ሁለታችን ተነሥተን ሦስት ሽማግሌዎችን፥ የማታው ትምህርት በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተጀመረ ጠየቅን። አንደኛው «በጃንሆይ ጊዜ ነው» አሉ። ሁለተኛው «የለም፥ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው» አሉ፤ ይህም 1971 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ሦስተኛው «እኔ ባገባሁ በሦስተኛው ዓመት ነው» ብለው፥ መቼ እንዳገቡ ቢጠየቁ ባለቤታቸውን ጠሩ፤ እርሳቸውም አላስታወሱትም። ሦስቱም ሐቀኞች ናቸው፤ ሦስቱም እውነት የመሰላቸውን ነገሩን። ሩቅ አገር ያለው አዘጋጅ ከሦስቱ የትኛውን ይጻፍ ኖሯል?

በኋላ የሟች እናቴን ሣጥን ስፈትሽ ደብተሯን አገኘሁት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በሽማግሌው እጅ፥ በቀይ ቀለም፥ ስሟና «1961 ዓ.ም.» የሚል ተጽፎበታል። ከሥሩ እናቴ በተንጋደደ ፊደል ስሟን አሥር ጊዜ ደጋግማዋለች። ብዙ ዓመት በቤቴ ሲኖር ከፍቼው አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ ቍጣዬ ወደ ራሴ ዞረ። በእኚያ ሰው ድካም ቤታቸው የበራላቸው ሰዎች በዚህ ከተማ ጥቂቶች አይደሉም። ማመልከቻ ጽፈናል፥ ደብዳቤ ጽፈናል፥ የዕድር መዝገብ ጽፈናል። ሰው ሁሉ እንዲጽፍ ስለ ደከሙት ሰው ግን አንድ ገጽ የጻፈ ከመካከላችን አልተገኘም። እኔ ከሁሉ ይልቅ በደለኛ ነኝ፤ መጻፍ ሥራዬ ነበርና። የሩቁ ሰው የሰረዛቸው አንድ ጊዜ ነው፤ እኛ የቅርቦቹ ግን ዕድሜ ልካችንን ሳንጽፋቸው ኖርን።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፥ ምክሬ ይህ ነው። መዝገብ የሰረዘውን ሰው ከልባችሁ አትሰርዙ፤ መዝገብ ያልያዘውም ሁሉ ተበድሏል ብላችሁ አትጩኹ። በቤታችሁ ያሉትን አያቶች ዛሬ ጠይቁ። የተናገረውን ሰው ስም፥ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ። ሁለት ሰዎች ቢለያዩ ሁለቱንም ጻፉ፤ የሚወዱትን ሰው ለማክበር ሲባል ያልሠራውን አትጨምሩለት። ደብተርና ደብዳቤ፥ ፎቶግራፍና ደረሰኝ አታቃጥሉ። የሰበሰባችሁትንም አሳትሙት፤ ያን ጊዜ መዝገቡን በማስረጃ ልትከራከሩት ትችላላችሁ።

የሽማግሌውን ስም በዚህ ድርሰት ውስጥ ያልጻፍሁት ረስቼው አይደለም። ልጆቻቸው ገና አልፈቀዱልኝም፤ ያላጣራነውም ብዙ ነው። ተማሪዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ አብረን እንሠራለን፤ እስካሁን የአሥራ አንድ ሰው ቃል ጽፈናል። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ቃላቸውን ከሰጡ ወዲህ አርፈዋል። ስለዚህ አትዘግዩ።