የቅጠል ንጽሕና ከየት ይጀምራል?

የውስጡ ቅጠል ግማሹ ከኩባ፣ ግማሹ ከኒካራጓ የሆነ አንድ ሲጋር አለ እንበል። ይህን ሲጋር ማያሚ ይዞ የገባ ነጋዴ በአሜሪካ የማዕቀብ ደንብ ዓይን የኩባ ዕቃ ይዟል፤ ደንቡ በሙሉም ሆነ በከፊል ከኩባ ምርት የተሠራን ነገር ይከለክላልና። ያንኑ ሲጋር ሃቫና ወስዶ «ሃባኖስ» የሚለው ማኅተም ይለጠፍልኝ ቢል ደግሞ እሺ የሚለው የለም፤ በዚያ ስም የሚጠራ ሲጋር ቅጠሉ ሁሉ ኩባ የበቀለ፣ እዚያው ኩባ የተጠቀለለ መሆን አለበትና። በአንዱ ሕግ ጥቂቱ የኩባ ቅጠል መላውን ሲጋር የኩባ ያደርገዋል። በሌላው ሕግ ጥቂቱ ባዕድ ቅጠል መላውን ሲጋር ከኩባነት ያስወጣዋል።

ሁለቱም ምክንያት አላቸው። አንዱ ገንዘብ ወደ ሃቫና እንዳይፈስ ይጠብቃል፣ ሌላው የሃቫና ስም እንዳይረክስ። ስለ ቅጠሉ ግን ሁለቱም የሚነግሩን የለም። ትንባሆ የጤና ጠንቅ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ የኩባ ቅጠል ከሌላ አገር ቅጠል ጋር ሲቀላቀል የሚጠፋው ነገር ምንድን ነው?

አስቀድመን ንጹሕ የሚባለውን ሲጋር ከፍተን እንየው። ከላይ ካፓ የሚሉት ስስና ለስላሳ ልባስ አለ። ከሥሩ ሙሌቱን የሚያስረው ካፖቴ፣ ከዚያም ሙሌቱ ራሱ፣ ትሪፓ፣ ይገኛል። ሙሌቱ አንድ ዓይነት ቅጠል አይደለም። ከተክሉ ግርጌ የሚለቀመው ቮላዶ በደንብ ይነድዳል፤ ከመካከሉ የሚመጣው ሴኮ መዓዛ ይሰጣል፤ ጫፍ ላይ ሆኖ ፀሐይ የጠገበው ሊሄሮ ኃይሉን ያመጣል፣ እሳት ግን ቶሎ አይቀበልም። ስለዚህ ቶርሴዶር የሚባለው ባለሙያ ቅጠሎቹን በርዝመታቸው እያጠፈ በመዳፉ ሲሰበስብ ሊሄሮውን መሃል ያስገባዋል። ወደ ዳር ካወጣው ሲጋሩ በአንድ ወገን ነድዶ በሌላው ይቀራል። በቅጠልና በቅጠል መካከልም ጭሱ የሚያልፍበት ክፍተት ይተዋል፤ አጥብቆ ከጠቀለለው አይሳብም። ቅጠሎቹ ከተለያየ እርሻ፣ አንዳንዴም ከተለያየ ዓመት ምርት የተመረጡ ናቸው። እንግዲህ ንጹሕ የምንለው ሲጋር ራሱ ቅይጥ ነው፤ ልዩነቱ ቅይጡ ባሕር አለመሻገሩ ነው።

ባሕሩ ከንቱ ወሰን ነው ማለቴ ግን አይደለም። የኩባ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1960 የሲጋር ፋብሪካዎችን ሲወርስ የፓርታጋስ ባለቤቶች የነበሩት ሲፉዌንቴሶችና ሌሎችም ቤተሰቦች ሙያቸውን ይዘው ተሰደዱ። የኩባ ዘርም በዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ በሆንዱራስና በኒካራጓ ተዘራ። ዘሩ ያው ነው፤ ብዙ ቦታ እጁም ያው ነበር። የወጣው ጭስ ግን የምዕራብ ኩባው ትንባሆ ምድር፣ የቩዌልታ አባሆ፣ ጭስ አልሆነም። በኒካራጓ እሳተ ገሞራ የፈጠረው የኤስቴሊ ጥቁር አፈር ለቅጠሉ የራሱን ጉልበት ሰጠው። ሰው ይሰደዳል፣ ዘርም ይሰደዳል፤ አፈር አይሰደድም።

ይህ ለንጽሕና ጠበቆች ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ግን የሚያስረዳው እነሱ የሚፈልጉትን ያህል አይደለም። የአፈር ልዩነት የሚመሰክረው በደሴቲቱ ምዕራብ ጫፍ፣ በፒናር ዴል ሪዮ ለሚገኙት ለሳን ሉዊስና ለሳን ሁዋን ኢ ማርቲኔዝ ማሳዎች እንጂ ለኩባ ባንዲራ አይደለም። በደሴቲቱ መካከል የሚበቅለው የሬሜዲዮስ ቅጠልም የኩባ ነው፤ ጠባዩ ግን ሌላ ነው። መመዘኛው አፈር ከሆነ የእነዚህ የሁለቱ መቀላቀልም ቅይጥ ነው። መመዘኛው አገር ከሆነ ደግሞ ነገሩ የጣዕም ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የድንበር ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ተቃውሞ የማታለል ጉዳይ ነው። አንድ ነጋዴ ቁራጭ የሃቫና ቅጠል ጣል አድርጎ በሃቫና ስም ሊቸበችብ ይችላል። ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነው፤ ስለዚህ ፈተና ያስፈልጋል። የኩባውን ቅጠል አውጥተን በቦታው ሌላ እንተካ። ቅይጡን የሠራው ባለሙያ ራሱ ሲቀምሰው ልዩነቱን ካልለየ ያ ቅጠል የተቀመጠው ለሥራ ሳይሆን ለስም ነው፤ ሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቃል እውነት ቢሆንም ሽያጩ ማጭበርበር ነው። ፈተናው በሌላውም ወገን ይሠራል። ለምሳሌ ከካሜሩን የመጣ ልባስ ተነሥቶ ምንም ካልጎደለ ለምን መጣ? ሁለቱም ሲወጡ የሚናፈቁ ከሆነ ቅይጡ ሐቀኛ ነው። ይህ ፈተና ንጹሑንም አይምርም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ኩባ ምርቷን በጥድፊያ ስታሳድግ ከመጥበቃቸው የተነሣ ጭስ የማያሳልፉ ብዙ ሲጋሮች ወጥተው ነበር፤ ቅጠላቸው በሙሉ የኩባ መሆኑ አላዳናቸውም።

ስለዚህ ቅይጡ ቢሞከር እወዳለሁ፤ በተለይም በልባሱ በኩል። ልባስ ቀዳዳና ነጠብጣብ የማይታገሥ፣ ከሁሉ ይልቅ ለማሳደግ የሚያስቸግር ቅጠል ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ1980 ሰማያዊ ሻጋታ የኩባን ማሳ አውድሞታል፤ ኮሮሆ የሚባለው ዝነኛ የልባስ ዘርም በኋላ በሽታ ለሚቋቋሙ ዲቃላ ዝርያዎች ቦታውን ለቅቋል። ኩባ ማሳዋን በጨርቅ ጋርዳ የምታገኘውን ጥላ ኢኳዶር ከደመናዋ ታገኘዋለች። የሳን ሉዊስ ሙሌት በኢኳዶር ልባስ ቢጠቀለል ምን ይሆን? ይህ በክርክር አይፈታም፤ ተጠቅልሎ፣ ነድዶ፣ ተቀምሶ ነው የሚታወቀው። የኤስቴሊ አምራች ግን አይሞክረውም። ትልቁ ገበያው አሜሪካ ስለሆነ አንድ የኩባ ቅጠል ፋብሪካው ከገባ ገበያው ይዘጋበታል። የደች፣ የጀርመንና የስዊስ ሲጋር ሠሪዎች የሃቫናን ቅጠል ከጃቫ፣ ከሱማትራና ከብራዚል ቅጠል ጋር ቀላቅለዋል፤ ሆኖም ሥራቸው በአብዛኛው ቅጠሉ ተከትክቶ በማሽን የሚሞላ ትንንሽ ሲጋር ስለሆነ፣ በእጅ ለሚጠቀለለው ረጅም ቅጠል ማስረጃነቱ አነስተኛ ነው።

የሚቀረው የስም ነገር ነው። «ሃባኖስ» የሚለውን ስም ለቅይጡ መስጠት ስርቆት ይመስለኛል፤ ስሙን ያፈሩት የቩዌልታ አባሆ ገበሬዎችና የሃቫና ቶርሴዶሮች ናቸው። ቅይጡ የራሱ ስም ይኑረው፣ ሣጥኑም የእያንዳንዱን ቅጠል አገር ይናገር። ይህ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ቪሴንቴ ማርቲኔዝ ኢቦር የተባለ ሲጋር አምራች እ.ኤ.አ. በ1886 አሜሪካ ውስጥ ታምፓ አጠገብ ፋብሪካ ከከፈተ በኋላ ከሃቫና በመርከብ የሚመጣውን ቅጠል ስደተኛ ኩባውያን እዚያ ይጠቀልሉት ነበር። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ገበያ ቅጠሉ በሙሉ የኩባ የሆነው «ክሊር ሃቫና» ይባል ነበር፤ የሃቫና ሙሌት በአሜሪካ ቅጠል ሲጠቀለል ደግሞ «ሲድ ኤንድ ሃቫና» ይባል ነበር። ገዢው የሚገዛውን እያወቀ በሁለት ስም፣ በሁለት ዋጋ ይሸጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የፈረመው ማዕቀብ የቅጠሉን መምጫ ሲዘጋ ንጹሑንም ቅይጡንም አብሮ ዘጋ።