ያው ባቡር ነውን?

ለመሆኑ አንድ የቆየ ዕቃ ተጠበቀ የሚባለው መቼ ነው? አካሉ ሳይነካ ሲቀመጥ ነው ወይስ የተሠራለትን ሥራ ሲሠራ? ጥያቄው የፈላስፎች ጨዋታ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በአንድ የእንፋሎት ባቡር የተነሣ ከስድሳ ዓመት በላይ ገንዘብም ክርክርም አፍስሰውበታል።

ባቡሩ «ፍላይንግ ስኮትስማን» ይባላል። ናይጅል ግሬስሊ ነድፎት በ1923 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዶንካስተር ላይ ተሠራ። ከለንደን ወደ ስኮትላንድ መንገደኛ ሲያመላልስ ኖሮ፣ በ1934 በሰዓት 100 ማይል መሮጡ በይፋ ተመዘገበለት። በ1963 ከሥራ ሲሰናበት አለን ፔግለር የተባለ ነጋዴ በ3,000 ፓውንድ ገዝቶ ከመሰባበር አዳነው፤ ዳሩ ግን አሜሪካ ድረስ ይዞት ሄዶ ለኪሳራ ተዳረገ። ከሌሎች እጅ አልፎም በ2004 ብሔራዊው የባቡር ሙዚየም በ2.3 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው፤ ጥገናው ከ4 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ፈጅቶ በ2016 እንደገና ሐዲድ ላይ ወጣ።

እዚህ ላይ ተጠራጣሪ ይነሣል። «ቦይለሩ ተለውጧል፣ ስንትና ስንት ብረት ተጥሏል፤ የቀረው ስሙ ብቻ አይደለምን?» ይላል። ነገሩ እውነት አለው። ያረጀ ብረት ምስክር ነው፤ አንዴ ከተጣለ አይመለስም። ሌላው የግሬስሊ ሥራ «ማላርድ»፣ በ1938 በሰዓት 126 ማይል ሮጦ የእንፋሎት ባቡሮችን ክብረ ወሰን የያዘው፣ በዚያው ሙዚየም ስብስብ ውስጥ እሳት ሳይነድበት ቆሟል። ምስክርነቱን የሚነካበት የለም።

ይሁን እንጂ ተጠራጣሪው አንድ ነገር ዘንግቷል። ፍላይንግ ስኮትስማን በሥራ ዘመኑም ያው ብረት ሆኖ አልኖረም፤ ለከባድ ጥገና ሲገባ ቦይለሩ በተደጋጋሚ በሌላ ይተካ ነበር። ሠሪዎቹ ያልሰጡትን ንጽሕና እኛ ልንጠይቀው አይገባም። ደግሞስ ከሰሉ መቼና የት እንደሚበተን፣ እንፋሎቱ ምን ያህል እንደሚለቀቅ መጽሐፍ ቢጽፈውም እጅ ካልለመደው ይጠፋል። ሙያ በመስተዋት ሣጥን አይቀመጥም።

ስለዚህ ባቡሩ መሮጡ ተገቢ ነው እላለሁ። የሚያስሮጡት ሰዎች ግን ዕዳ አለባቸው፤ የለወጡትን ሁሉ መዝግበው በግልጽ መናገር። ብረት መለወጥ ነውር አይደለም፤ ለውጦ «አልተለወጠም» ማለት ግን ውሸት ነው። አደራ ተቀባይ የሚጠየቀው የተረከበውን እንዳያረጅ እንዲያደርግ አይደለም፤ ምን እንደተረከበና ምን እንደጨመረበት ሳይደብቅ ለተተኪው እንዲያስረክብ ነው።