ገበያ የወጣ እምነት

ከወልዲያ ወጥቶ ቻይናዎች በሠሩት መንገድ ወደ ወረታ የሚያመራ መንገደኛ፣ ደብረ ታቦርን አልፎ ዓለም በር አካባቢ ሲደርስ አውራምባን ከመንገዱ ብዙም ሳይርቅ ያገኛታል። በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩ ከጥቂት ሰዎች ጋር የመሠረቷት ይህች መንደር ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የላትም። ነዋሪዎቿ ፈጣሪ አንድ ነው፣ አምልኮውም ለሰው በጎ ማድረግ ነው ባዮች ናቸው። አሁን ግን ወፍጮ፣ ሱቅ፣ የእንግዳ ማረፊያና የሸማ መሸጫ አላት። ከዓለም ልማድ ለመለየት የተወለደ ሐሳብ ንግድ ከጀመረ በኋላ ያው ሐሳብ ነው ወይ? «ገንዘብ ገባና አበቃለት» ማለት ይቀላል። እኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ በገንዘቡ ላይ የሚያዘው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይሻላል እላለሁ።

የመንደሯ ታሪክ ለዚህ ይመሰክራል። ማኅበረሰቡ በደርግ ዘመን ማሳደዱ ሲበረታበት ወደ ቦንጋ ተሰደደ፤ ሲመለስ አብዛኛው መሬቱ ተይዞ ጠበቀው። የቀረው ለእርሻ አልበቃ ሲል ሽመና ላይ ተቀመጠ። ሸማኔ «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ በሚሰደብበት አገር፣ ፈትል የሴት ሽመና የወንድ በሆነበት አገር፣ አውራምባ ላይ ሴቷ መወርወሪያ ትወረውራለች፣ ወንዱ እንዝርት ያሾራል። የዓመቱን ትርፍ የኅብረት ሥራው አባላት እኩል ይካፈሉታል። ስለዚህ ገበያው እምነቱን አልበላውም፤ መሬት ያጣውን እምነት ያኖረው እሱ ነው። ገዳማትስ ምርታቸውን ይሸጡ የለ? መናኙን ነጋዴ ያለው የለም።

ሌላ ምሳሌ ልጨምር፤ ያው በ1964 ዓ.ም. መስከረም ላይ ኮፐንሃገን ውስጥ ወጣቶች ሠራዊት የለቀቀውን ካምፕ ይዘው ክርስቲያኒያ የተባለውን ሰፈር መሠረቱ። ከተማዋ ስትበለጽግ ሰፈሩ ውድ መሬት ላይ ተገኘ። መሬት የግል አይሁን ብለው የተነሡት ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 በጋራ ፋውንዴሽን ስም ከመንግሥት ገዙ፤ ለየራሳቸው ግን አልተከፋፈሉትም። ሰፈሩን ያወከው ሌላው ገበያ ነው፤ የሐሺሽ ንግዱ በወንጀለኛ ቡድኖች እጅ ወድቆ ደም እስከማፋሰስ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2024 ነዋሪዎቹ ራሳቸው ሐሺሹ ይሸጥበት የነበረውን መንገድ ድንጋይ ነቀሉት። አንዱ ግዢ እነሱ የወሰኑት ነበር፤ ሌላው ንግድ ግን ይወስንባቸው ነበር።

ከባዱ ተቃውሞ ከጎብኚው ወገን ይመጣል። ሰው ሊያየው የመጣ ኑሮ ቀስ በቀስ ትርዒት ይሆናል፤ በአውራምባ እንጀራ የሚጋግረው ወንድም ለካሜራ ይጋግራል። ይህን ማስተባበል አልችልም፤ የእንግዳ ገንዘብ ከሸማ ገንዘብ ይልቅ የሚያባብል ነው። ግን ሸማውን የሚገዛው ሰው ስለ እምነቱ ግድ የለውም፣ ድሩንና ማጉን አይቶ ይከፍላል። መንደሯ በዚህኛው ገቢ እስከቆመች ድረስ ለማንም መታየት አያስፈልጋትም። ጦርነት ጎብኚውን ከክልሉ ባራቀበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ምጣዱ ዘንድ ማን እንደሚቀመጥ የሚወስነው የቤቱ ሰው ብቻ ነው።