ደጅ ሲቃረብ

ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ደጃፉ ሲደርስ “እንኳን ደህና መጣህ” ይባላል። ወዲያው ግን፣ ገና እግሩን ሳይታጠብ፣ “መንገዱስ እንዴት ነበር?” የሚል ጥያቄ ይከተላል። ሰላምታው መንገደኛውን ይቀበላል፤ ጥያቄው ሒሳብ ያስቆጥረዋል። ለመሆኑ ከረጅም ጉዞ የሚመለስ ሰው የት እንደነበረና ምን እንዳደረገ ለሚጠብቁት ሰዎች እውነቱን የመናገር ግዴታ አለበትን? ካለበትስ እኛ ጠባቂዎቹ እውነቱን ይዞ እንዲገባ በሩን ምን ያህል ከፍተንለታል?

ነገሩን በባዶ ሜዳ ከምንከራከርበት በአንድ የታወቀ ታሪክ ላይ ብናሳርፈው ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሰንደይ ታይምስ የተባለው የለንደን ጋዜጣ አንድ ውድድር አወጀ። ብቻውን በሸራ ጀልባ፣ የትም ወደብ ሳይቆም፣ የማንንም እርዳታ ሳይቀበል ዓለምን ዞሮ ቀድሞ ለገባ ዋንጫ፣ በአጭር ጊዜ ለጨረሰ ደግሞ 5,000 ፓውንድ። የመነሻው ቀን እንደየሰዉ ስለሚለያይ ነው ሽልማቱ ሁለት የሆነው። ዘጠኝ ሰዎች ተነሡ። አምስቱ በዚያው ዓመት አቋረጡ። ቤቱ የገባው አንድ ብቻ ነው፤ ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን ይባላል። ሱሃይሊ በምትባል፣ ቦምቤይ በተሠራች የእንጨት ጀልባ ጁን 14 ቀን 1968 ከፋልማዝ ወጥቶ በ312 ቀኑ፣ አፕሪል 22 ቀን 1969፣ እዚያው ፋልማዝ ገባ። ጀልባው ላይ የወጡት የጉምሩክ ሰዎች በደንቡ መሠረት ከየት እንደመጣ ጠየቁት። ከፋልማዝ ነው አላቸው። እንዴት ያለ መልስ ነው! በመነሻውና በመድረሻው መካከል የምድር ዙሪያ አለ። እንዲህ ቀልዶ ለመመለስ የቻለው መካከሉ እውነት ስለነበረ ነው።

እንቅልፍ የሚነሳን የቀሩት የሦስቱ ነገር ነው።

ዶናልድ ክሮውኸርስት የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚሠራ፣ ንግዱ የተዳከመበት፣ የአራት ልጆች አባት ነበር። ጀልባውን ያሠራለት ባለገንዘብ፣ ጉዞው ቢከሽፍ ጀልባዋን መልሶ እንዲገዛ ውል አስገብቶታል። እንግዲህ ገና ሳይነሣ መመለሻው ተዘግቷል ማለት ነው። ቴይንማዝ ኤሌክትሮን የተባለችው ጀልባ ጎን ለጎን በተያያዙ ሦስት ቀፎዎች የምትንሳፈፍ ነበረች፤ በቅጡ ሳትሰናዳ፣ በተፈቀደው የመጨረሻ ቀን፣ ኦክቶበር 31፣ ይዟት ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ውሃ ታስገባ ጀመር። ወደ ደቡቡ ውቅያኖስ ቢገባ ሞት፣ ቢመለስ ዕዳና ውርደት። ታዲያ ምን ያድርግ? እዚያው አትላንቲክ ላይ እየተንከራተተ፣ በሬዲዮ ግን ያልደረሰበትን ቦታ ደረስሁ ይል ጀመር። በዲሴምበር በአንድ ቀን 243 ማይል ሄድሁ አለ፤ ጋዜጦቹም አጨበጨቡለት። ከዚያ ለወራት ዝም አለ። በማርች ደንቡን ጥሶ አርጀንቲና ወርዶ ጀልባውን ጠገነ። አሳቡ ሌሎቹ ዓለምን ዞረው ሲመጡ ከኋላቸው ተቀላቅሎ ለመግባት ነበር። መጨረሻ የገባን ሰው መዝገብ ማን አገላብጦ ያያል?

ናይጀል ቴትሊ የሚባለው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ግን በእውነት ዞሯል። የሱም ጀልባ ባለ ሦስት ቀፎ ናት። ማዕበል ያላላውን አካሏን እየጠገነ፣ በመጨረሻው የቤት መንገድ ላይ እያዘገመ ሳለ፣ ክሮውኸርስት እየገሰገሰ ነው የሚል ወሬ ደረሰው። ፍጥነቱን ሊነጠቅ ነው! ቀስ ቢል ምናልባት ጀልባዋ ትተርፍ ነበር። አላለም። ሜይ 21 ቀን 1969፣ ከአዞር ደሴቶች ወዲህ፣ ሌሊት በማዕበል ተሰብራ ሰመጠች። ለቤቱ የቀረው አንድ ሺህ ማይል ገደማ ነበር። እሱ በነፍስ አድን ታንኳ ተረፈ። ሲያሳድደው የከረመው በወረቀት ላይ ብቻ የምትሄድ ጀልባ ናት።

በመኝታ ክፍላችን ይህን ስናወራ አንዳንድ ጓደኞቻችን “ኧረ ክሮውኸርስት ማንን ጎዳ? ያታለለው ጋዜጣን ነው፣ ጋዜጣ ደግሞ ስንቱን አታሏል!” ብለውን ነበር። ማንን ጎዳ ለሚለው መልሳችን ቴትሊ ነው። የሚዋሽ ሰው ውሸቱን ለማን እንደሚነግር የመረጠ ይመስለዋል፤ ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ግን ማን ጆሮ እንደሚደርስ፣ ማን አምኖት ሸራውን እንደሚዘረጋ አያውቅም። ቴትሊስ ጉጉት አልነበረውም ወይ ብትሉን፣ ነበረው፤ ጉጉቱ የራሱ ነው። ሆኖም ሰው በሐሰት ካርታ ላይ የወሰነውን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ የራሱ ነው ለማለት ይከብደናል።

ቴትሊ ሲሰምጥ የፍጥነቱ ሽልማት ለክሮውኸርስት ቀረበ። መጨረሻ ሆኖ ሊሸሸግ አይችልም። ከተማው አቀባበል እያዘጋጀለት መሆኑ በሬዲዮ ይነገረው ነበር። እስቲ አስቡት፤ እያንዳንዱ የደስታ መልእክት አንገቱን የሚያጠብቅ ገመድ ነው። ላኪዎቹ ክፉ አልነበሩም። ነገር ግን አንድም ሰው “ባይሳካልህም ና” አላለውም፤ እንዲያ የሚል ቃል በአቀባበል ደንብ ውስጥ የለምና። በመጨረሻዎቹ ቀኖች ስለ ጊዜ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ እውነት 25,000 ያህል ቃላት ጻፈ። የመጨረሻው ጽሑፍ የጁላይ 1 ነው። ጁላይ 10 ቀን ፒካርዲ የተባለች መርከብ ጀልባዋን ሰው አልባ ሆና አገኘቻት። እውነተኛ ቦታውን የጻፈበት መዝገብ ግን ውስጧ ነበረ። ባሕር ላይ ሊወረውረው ይችል ነበር፤ ትቶት ሄደ። የፍጥነቱም ሽልማት የደረሰው ኖክስ-ጆንስተን 5,000 ፓውንዱን ለሟቹ ሚስትና ልጆች ሰጠ።

ሦስተኛው ፈረንሳዊው በርናር ሙዋቴሲየ ነው። ኬፕ ሆርንን አልፎ ወደ ቤት የሚያወጣው መንገድ ከፊቱ ተዘርግቶ ሳለ አልፈልግም አለ። በማርች 1969 ኬፕ ታውን አጠገብ ለነበረች መርከብ መልእክቱን በወንጭፍ ወረወረ። በባሕር ላይ ደስተኛ ስለሆነ፣ ምናልባትም ነፍሱን ለማዳን፣ ጉዞውን እንደሚቀጥል የሚገልጽ ነበር። በጁን ታሂቲ ወረደ። ብዙዎች እንደ ፈላስፋ ያዩታል። እኛ ያን ያህል አልተዋጠልንም፤ የምትጠብቀው ሚስት ነበረችውና። በሌላ ሰው ናፍቆት የሚከፈል የነፍስ መዳን ያጠራጥረናል። ቢሆንም አልመጣም ሲል አልመጣም ብሏል። የሚጠብቁት ሰዎች ቁርጣቸውን አውቀዋል።

ይህን ሁሉ ያስነሣን አንድ የመጀመሪያ ዓመት ጓደኛችን ነው፤ ስሙን አንጠራም። በአንደኛው መንፈቅ ፈተና ወድቆ ተባረረ። አገሩ ግን አልገባም። ከአንድ የዘመድ ልጅ ጋር ተዳብሎ፣ እሑድ እሑድ ለእናቱ እየደወለ ስለ ትምህርቱ ያወራላታል። እኛ እናውቅ ነበር። አንዳንዴም ስልኩን ተቀብለን “አይዞዎት እማማ፣ ልጅዎ ጎበዝ ነው” ብለናታል፤ መልካም የሠራን መስሎን። ሲሸኝ በግ ታርዶለት፣ ጎረቤቱ ሁሉ መርቆት የወጣ ልጅ ነው። ሰኔ ላይ ሻንጣችንን ይዘን መናኸሪያ ስንሄድ አብሮን መጣ፤ ትኬትም ቆረጠ። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሣ ግን አልገባም። ምን ሆነሃል ብለን አልጠየቅነውም፤ ስለምናውቅ። ትኬቱን እንደያዘ ቆሞ እጁን አወዛወዘልን፤ እኛም በመስኮት አወዛወዝንለት።