የታሰረ ዋጋና ያልታሰረ ቃል

ሻጭ ወይም አምራች ስለ ዕቃው ጤንነት የሚሰጠው ቃል ከዕቃው ጋር አብሮ የሚሄድ ነው፣ ከገዢው ጋር የሚቀር ነው፣ ወይስ ዕቃው ከፋብሪካ እስከ ቤት ከተጓዘበት መንገድ ጋር የተቆራኘ ነው የሚለው ጥያቄ፣ በሃይማኖት ሕጎችና በሥነ ምግባር ፍልስፍና ውስጥ ለብዙ ዘመናት ሲመረመር ከኖረው የግብይት ፍትሕ ጥያቄ የሚወለድ ነው። ዛሬ ይህን ጥያቄ እንደ አሜሪካው የሆም ቲያትር ስፒከር ገበያ አፍጥጠው የሚያመጡት የንግድ ዘርፎች ጥቂት ናቸው። ሆም ቲያትር የሚባለው በሳሎን ውስጥ የሲኒማ አዳራሽን ድምፅ ለማግኘት የሚተከል የመሣሪያዎች ስብስብ ሲሆን፣ በተለመደው አቀማመጡ ከፊት ሦስት፣ ከጎን ወይም ከኋላ ሁለት ስፒከሮች፣ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ሰብዉፈር የተባለ ሣጥን፣ እንዲሁም ሁሉንም የሚያዝ ሪሲቨር የተባለ ማጉያ ይኖሩታል።

በዚህ ገበያ ስም ካላቸው አምራቾች ብዙዎቹ ዕቃቸውን የሚያስተላልፉት ውል በገቡ ፈቃድ ባላቸው ሻጮች በኩል ነው፤ በዚህም አሠራር ሻጩ በማስታወቂያና በድረ ገጽ ላይ ከተወሰነ ወለል በታች ዋጋ እንዳይለጥፍ ይደረጋል፤ ይህም ወለል ዝቅተኛ የማስታወቂያ ዋጋ ይባላል። ስለዚህ ገዢው አሥር ሱቅ ቢያስስ በአሥሩም እስከ ሳንቲሙ ድረስ አንድ ዓይነት ዋጋ ሊያገኝ ይችላል። ክልከላው የሚመለከተው ማስታወቂያን እንጂ ሽያጭን ስላልሆነ ግን ስልክ ደውሎ የመጨረሻውን ዋጋ የሚጠይቅ ሰው በጽሑፍ የማይገኝ ሌላ ዋጋ ሊሰማ ይችላል፤ መከራከር የሚያፍረው ጨዋ የተጻፈውን ከፍሎ ይሄዳል። ከዚህ ሥርዓት ውጭ ደግሞ ያንኑ ስፒከር በዚያው ካርቶኑ ከፈቃድ ባለቤቶች ትርፍ ክምችት ወይም ከሌላ አገር አምጥቶ በረከሰ ዋጋ የሚሸጥ ነጋዴ አለ፤ ይህ ግራጫ ገበያ ይባላል። ዕቃው አስመስሎ የተሠራ ወይም የተሰረቀ አይደለም፤ አምራቹ ያልፈቀደው የመጣበትን መንገድ ብቻ ነው።

የሁለቱ መንገዶች ልዩነት የሚገለጠው ዕቃው ሲበላሽ ነው። በካርቶኑ ውስጥ የሚገኘው የዋስትና ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ለስፒከሩ አካል አምስት ዓመት ወይም ከዚያ የሚበልጥ፣ ለሰብዉፈሩ ኤሌክትሮኒክስ ደግሞ በእጅጉ ያጠረ ጊዜ ይሰጣል፤ ቀጥሎ በደቃቅ ፊደል የሚዘረዘሩት ገደቦች ግን ከተስፋው ይረዝማሉ። ዋስትናው ለመጀመሪያው ገዢ ብቻ ነው፤ ዋናው ደረሰኝ ሊቀርብ፣ ደረሰኙም ፈቃድ ካለው ሻጭ የተቆረጠ ሊሆን ይገባል፤ ከጀርባ የተለጠፈው መለያ ቁጥር ከተነሣ ወይም ከተፋቀ ቃሉ ይፈርሳል፤ ጥገናው የሚፈጸመው በተገዛበት አገር ነው፤ ያን ከባድ ሣጥን ወደ አገልግሎት ማዕከል የማድረሻውን ሒሳብም ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ገዢው ነው። እነዚህ ሁሉ ተሟልተው እንኳ አንድ በር ክፍት ይቀራል። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትዊተር ከጀርባው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ የተጠመጠመበት ትንሽ ክፍል ሲሆን፣ ማጉያው ከአቅሙ በላይ ሲጮህ የሚልከው ጫፉ የተቆረጠ ሞገድ ያን ሽቦ ሊያቃጥለው ይችላል፤ አምራቹ ይህን የአጠቃቀም ስሕተት ብሎ ከዋስትና ውጭ ያደርገዋል። የተቃጠለው በገዢው ጥፋት ነው ወይስ ሽቦው ከመነሻው ደካማ ነበረ የሚለውን የሚመረምረውም ያው አምራች ወይም እርሱ የሰየመው ባለሙያ ስለሆነ፣ ቃል የገባውም፣ ቃሉ ይጸናል አይጸናም ብሎ የሚፈርደውም አንድ ወገን ይሆናል።

የቀደሙት ሊቃውንት በዋጋና በጉድለት መካከል ያኖሩት ድንበር እዚህ ላይ ሊታሰብ ይገባል። ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ሦስተኛ ክፍል፣ ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ረኀብ ወደ ገባባት ወደ ሮዶስ የደረሰ ነጋዴ፣ ሌሎች የእህል መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን እያወቀ ዝም ብሎ በውድ ሊሸጥ ይገባው እንደሆነ ሁለት የስቶይክ ፈላስፎችን ያከራክራል። የባቢሎኑ ዲዮጋንስ፣ ነጋዴው ሕጉ ግለጥ የሚለውን የዕቃውን ጉድለት እስከገለጠ ድረስ ስለ ገበያው የሚያውቀውን ሁሉ የመናገር ግዴታ የለበትም ሲል፣ ተማሪው አንቲጳጥሮስ ገዢው ሊያውቀው የሚገባውን ለትርፍ ብሎ ማስቀረት የሰውን ልጅ ኅብረት መበደል ነው ይላል፤ ሲሴሮም የሚያደላው ወደ ተማሪው ነው። ከእርሱ በኋላ በ13ኛው መቶ ዓመት ቶማስ አኵዊናስ ያንኑ ጉዳይ አንሥቶ፣ ነጋዴው ዝም ቢል ፍትሕን አያፈርስም፣ ቢናገር ወይም ዋጋውን ቢቀንስ ግን የላቀ በጎነት ይሆንለታል ብሎ ፈረደ። ስለ ዋጋ ይህን ያህል የለዘበው ሊቅ ስለ ጉድለት ሲናገር ይጠነክራል፤ አንድ ዓይን የሌለው ፈረስ ጉድለቱ ለማንም የሚታይ ስለሆነ ሻጩ ዋጋውን በዚያው ልክ እስከቀነሰ ድረስ ባይናገርም አይወቀስም፣ የተሰወረውን ግን ሳይገልጥ ቢሸጥ በድሏል።

የአይሁድ ሚሽና ዋጋንም ጭምር ይገድባል፤ ከተገቢው ዋጋ አንድ ስድስተኛ የተጎዳ ገዢ፣ ዕቃውን ለነጋዴ ወይም ለዘመዱ ለማሳየት በሚበቃ ጊዜ ውስጥ ተመልሶ አቤት እንዲል ይፈቅድለታል። (ዋጋ የማያውቅ ሰው የሚያውቅ ዘመድ ይኖረዋል ብሎ ያሰበው ሕግ አውጪ ገበያን በቅርብ የሚያውቅ ሰው እንደነበረ ግልጽ ነው።) በእስልምና ፊቅህ፣ ማለትም በሃይማኖቱ የሕግ ትምህርት፣ ኺያር አል-ዐይብ የተባለው መብት ደግሞ በውሉ ጊዜ ያልታወቀ ጉድለት ሲገኝ ገዢው ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን እንዲወስድ ያስችለዋል። እነዚህ ትምህርቶች በብዙ ነገር ቢለያዩም፣ ዋጋ በመጠኑ ከፍና ዝቅ ሊል እንደሚችል፣ ስለ ዕቃው ጤንነት የሚሰጠው ቃል ግን በዕቃው እውነተኛ ሁኔታ እንደሚለካ ይስማማሉ። የስፒከሩ ገበያ ይህን ሥርዓት ገልብጦታል፤ ሊነቃነቅ የሚችለውን ዋጋ አስሮ፣ ሊጸና የሚገባውን ቃል እንደ መንገዱ እንዲለዋወጥ ፈቷል።

ለዚህ የሚቀርበው ጠንካራ መከራከሪያ ግን በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በጥንቱ ሕግ ተጠያቂው የሸጠው ሰው እንጂ የሠራው ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ አምራቹ ከእኔ አልገዛህምና የሸጠልህን ጠይቅ ቢል የጥንቱን ሥርዓት የተከተለ ይመስላል። መልሱ የሚገኘው አምራቹ ራሱ ወደ ገበያው መሐል ከመግባቱ ነው፤ በስሙ የሚያስተዋውቀው፣ በካርቶኑ ውስጥ የራሱን ቃል የሚያኖረው፣ ያን ቃል የዕቃው ክብር አካል አድርጎ የሚሸጠው እርሱ ነው። ፈቃድ ካለው ሻጭ መጋዘን የወጣውን ስፒከር ደግሞ ገና ከፋብሪካው በር ሲወጣ የዋስትናውን ወጪ ጨምሮ ዋጋውን ተቀብሎበታል፤ የተከፈለበትን ቃል ዕቃው እጅ ስለለወጠ ብቻ መካድ፣ ለአንድ ሰው ብድር ዋስ ሆኖ ዋጋውን ከተቀበለ በኋላ ተበዳሪው በሌላ በር ገባ ብሎ እንደሚያፈገፍግ ሰው መሆን ነው። ዕቃው በመጀመሪያ የተሸጠው በሌላ አገር፣ ያ ወጪ ባልተካተተበት ዝቅተኛ ዋጋ ከሆነ ግን የአምራቹ ክርክር ክብደት ያገኛል፤ ገዢውም በርካሽ ያገኘው ነገር የቃሉን ዋጋ ያልያዘ መሆኑን ማመን ይገባዋል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከሥነ ምጣኔ የመጣ ነው። ሌስተር ቴልሰር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ አንድ ሻጭ ጸጥ ያለ የማድመጫ ክፍል አዘጋጅቶ፣ ባለሙያ አቁሞ ደንበኛን ሲያስተናግድ፣ ደንበኛው ሰምቶና ተምሮ ከርካሹ ሱቅ ከገዛ፣ አስተናጋጁ ሱቅ ይዘጋል፤ የዋጋ ወለል የሚጠብቀውም ይህን አገልግሎት ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1911 አምራች የችርቻሮን ዝቅተኛ ዋጋ በውል መወሰኑን በማናቸውም ሁኔታ ሕገ ወጥ ብሎ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ሊጂን በተባለው አምራች ጉዳይ፣ የሴቶች ቀበቶን 20 በመቶ ቀንሶ ይሸጥ በነበረ የቴክሳስ ሱቅ ክርክር፣ በአምስት ለአራት ድምፅ ያን ክልከላ አንሥቶ እያንዳንዱ ጉዳይ በጥቅምና ጉዳቱ እንዲመዘን ያደረገው በአብዛኛው በዚህ ሐሳብ ተመርቶ ነው። የማድመጫ ክፍሉ ባለቤት በደል ይደርስበታል የሚለው እውነት ነው፤ ለሁለት ሰዓት የሰው ጊዜ ወስዶ ሌላ ቦታ የሚገዛ ሰው የደከመን ሰው ደመወዝ ይነካል። መድኃኒቱ ግን በሽታውን አያገኘውም፤ ወለሉን ለማስከበር የሚያገለግለው የዋስትና ክልከላ ክፍሉን ረግጦ የማያውቀውን ገዢ ጭምር ይቀጣል፣ ለድካሙ ካሣ የሚሻው ሻጭም ከተቃጠለው ትዊተር አንዳች አያተርፍም። ለማድመጥ ክፍያ ጠይቆ ሲገዙ ከዋጋው ላይ መቀነስ ይበልጥ ቅን ይሆን ነበር።

በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ያለውን ዕቃ ወደ አገር ቤት ሲልኩ ችግሩ ይደረባል፤ ዋስትናው በተገዛበት አገር ይቀራል፣ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ሰብዉፈርም በ220 ቮልት መስመር ላይ ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ይቃጠላል፤ ያ ጉዳትም የተጠቃሚው ጥፋት ይባላል። የራሱ ማጉያ የሌለው ተራ ስፒከር ግን የመብራት ኃይል ልዩነት አያገኘውም።

ከሕጎች መካከል ለጥንቱ ድንበር የቀረበው የኒው ዮርክ ግዛት የንግድ ሕግ ቁጥር 369ቢ ነው፤ በግዛቱ የሚሠራ አምራች ዕቃው በአንድ በተወሰነ ሻጭ በመሸጡ ምክንያት ብቻ ዋስትናውን እንዳይገድብ ይከለክላል። በመላው አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ ሕግና ከእርሱ የመነጨው ደንብ፣ ከ15 ዶላር በላይ ለሆነ የፍጆታ ዕቃ የተሰጠ የጽሑፍ ዋስትና ገዢው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሊያነበው በሚችልበት ሁኔታ እንዲቀርብ ያስገድዳል። ስለዚህ ስፒከር የሚገዛ ሰው ካርቶኑ ከመከፈቱ በፊት የዋስትናውን ወረቀት ይጠይቅ፤ ሻጩም ፈቃድ ያለው መሆኑን በደረሰኙ ላይ ያስጽፍ።